የዬተር አዛን

ዬተር በቱርክኛ «ይበቃል» ማለት ነው። ሴት ልጅ የበዛበት አባት፣ ቀጣዩን እንኳ ወንድ ያድርግልኝ ብሎ ለመጨረሻዋ የሚያወጣው ስም ነው። ዬተር ይህን ስም ስልሳ ዓመት ተሸክማዋለች። ታላቅ ወንድሟ ግን ዱርሱን ነው፤ «ይኑርልን» ማለት። ከአንድ እናት ሆድ ወጥተው አንዱ ይኑር፣ አንዷ ይብቃ! እስቲ ይሄ ፍርድ ነው?

አሁን ደግሞ የዱርሱን ልጅ ኢድሪስ አራተኛ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ለወንድ ልጅ ሊተኮስ ተወልውሎ የተዘጋጀው የአደን ጠመንጃ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ዱርሱንም ሃዘልነት የሚባለውን የለውዝ ዓይነት ከሚያለማበት ማሳው ሲመለስ «ዬተር ትባል» ብሎ ቆረጠ።

«ባንቺ ስም እኮ ነው አክስቴ፤ ደስ አይልሽም?» አላት ኢድሪስ ዓይኗን እየሸሸ።

«ዝም በል አንተ! ትምህርት ቤት ልጆቹ ‹ትርፏ መጣች› እያሉ ሲስቁብኝ የት ነበርክ?»

አራሷ ናዚሬ ጓዳ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። «አክስቴ፣ በሞቴ፣ አንድ ነገር አድርጊ» አለቻት። ዬተር ግን ምን ታድርግ? ስም የሚያወጣው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው። ሕፃኗን ታቅፎ በጆሮዋ አዛን ይላል፣ ከዚያ ስሟን ሦስት ጊዜ ይነግራታል። ጆሮ የገባ ስም ደግሞ አይወጣም።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ኢማሙና ጎረቤቶቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። «ዬተር! ልጅቷን አምጪያት!» ብሎ ተጣራ ዱርሱን። ስህተቱ ይቺ ናት፤ በሌላ ሰው ማስመጣት ነበረበት።

ዬተር ሕፃኗን ታቅፋ ገባች። ዱርሱን እጁን ዘረጋ። አልፋው ሄደች፤ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙራ «አላሁ አክበር!» አለች። ሠራተኞችን ከማዶ ኮረብታ ለምሳ የሚጠራ ድምፅ ነው ያላት፤ ሕፃኗን እንዳያስደነግጣት ለዘብ አደረገችው እንጂ።

ዱርሱን ሊጮህ አፉን ከፈተ። አዛን ግን አይቋረጥም! ሐጅ ያደረገ ሰው በአዛን መሃል ሊሳደብ ነው? አፉን ገጠመና፣ ንዴቱን እየዋጠ፣ በለሆሳስ አብሯት ይደግም ጀመር። ወንዶቹም የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ዬተር አልቸኮለችም፤ እያንዳንዱን ቃል አጣጥማ ጨረሰች። ከዚያ ወደ ትንሿ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ስምሽ ሴቪንች ነው። ሴቪንች ነው። ሴቪንች ነው።»

ደስታ ማለት ነው።

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል!» ብሎ ፈነዳ ዱርሱን። «ኢማም፣ ኧረ ይሄ ነገር ይሆናል? ንገራት እንጂ!»

ኢማሙ ሳቁን በጢሙ ሊደብቅ ሞከረ፤ አልቻለም። «ሐጂ፣ አዛኑ ሙሉ ነው፤ ስሙም ገብቷል። እኔ ከሕፃን ጆሮ ስም ጎትቼ የማወጣበት መንጠቆ የለኝም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጓዳ የናዚሬ ሳቅ ከልቅሶዋ ጋር ተደባልቆ ተሰማ። ኢድሪስ ዘሎ ልጁን ተቀበለና «ሴቪንቼ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ዬተር ግን ገና አልጨረሰችም። ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዳ ወንድሟ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። «ለኔ አልተተኮሰም» አለችው። «ለሷ ግን ይተኮሳል።»

ዱርሱን ጠመንጃውን አየ፣ እህቱን አየ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ዕድሜ ልኩን ስታለቅስ አይቷት አያውቅም። «ወይ አንቺ!» አለና ተነስቶ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ወደ ሰማይ ደጋግሞ ተኮሰ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ ተጣራ ጎረቤት ከሸለቆው ማዶ። «ወንድ ነው?»

ዬተር አሁን ድምጿን አልቆጠበችም።

«ሴት ናት!» አለች። «ሴት!»