እግር የለመደች መኪና

አባዬ ከታመመ ወዲህ ፒካፗ ጧት ጧት አልነሳ አለች። የሰፈሩ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ኮፈኗን መክፈት አላስፈለገውም፤ ባለቤቷን ናፍቃ ነው አለ፣ አበቃ። እኔ ብረት አይናፍቅም ብዬ ብከራከር ድንጋይ ልብ ተባልኩ።

አባዬ ግን ወሬውን ወደደው። የፊቱ ግማሽ ፈገግታ እምቢ ካለው ሰንብቷል፤ አንደበቱም ተሳስሮ፣ አንድ ቃል ባወጣ ቁጥር ጆንያ እንዳወረደ ሰው ያርፋል። በቀረው ግማሽ ፈገግ ብሎ፣ እግሬን ነው የምታውቀው አለኝ።

እግሩን እኛም እናውቀው ነበር። ዕድሜ ልካችንን በእሱ ነቅተናል። ቁልፉን ከማዞሩ በፊት የነዳጅ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጠዋል፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል፤ ከዚያ ሞተሯ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትነሳለች። ግቢያችን አውራ ዶሮ ኖሮት አያውቅም፤ ያ ድምፅ ነበር ዶሯችን።

ሥራውን የተረከበው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለገበያ ነጋዴዎች ዕቃ ማመላለስ ጧት ካልወጡ የማይሆን ሥራ ነውና፣ እኛ ስንገፋ ነጋዴዎቹ ሌላ መኪና ያዙ። የጋራዡ ሜካኒክ እንደሆነ በተጠራ ቁጥር ረፋዱ ላይ መጥቶ ገና አንዴ ሲያዞራት ትነሳለታለች። ሐኪም ሲያይ የሚሽረው በሽተኛ ሆነችብን። በመጨረሻ ወንድሜ አሮጌ ብረት ከሚገዛ ሰው ጋር ተስማማ፤ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ጎትቶ ሊወስዳት ይመጣል። ይህን ቁርስ ላይ ሲነግረን ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም። አባዬ፣ እማዬ ወደ አፉ ያቀረበችለትን ማንኪያ ትቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አልጋው ከግቢው መስኮት ሥር ነው፤ ገመድ ሲታሰርባት፣ በሩን ስትወጣ፣ ሁሉንም ያያል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

"ሰውየው እስኪመጣ ለእኔ ተዋት" አልኩት ወንድሜን።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።"

"አንተ ያቦካኸውስ ለቁርስ መች በቃ?"

እማዬ ከንፈሯን ነከሰችብኝ። ወንድሜ ግን ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም፤ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን መግፋት ሰልችቶት ነው። ካስነሳኋት ቁልፉ የእኔ እንደሚሆን ቃል ገባልኝ፤ ካላስነሳኋት ግን ገመዱ ሲታሰር ትንፍሽ እንደማልል አስማለኝ። ማልኩ።

ስለ ሞተር ማንም አላስተማረኝም። የሞተ ሞተር ሳይክል ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ጣቴን እያቃጠልኩ ነው ያወቅኩት። ስለዚህም የማንንም ስህተት አልወረስኩም እያልኩ እኮራ ነበር።

ኮፈኗን ከፈትኩ። እሳት ከሚረጩት ካንዴላዎች አንዱን ነቅዬ ከብረቱ ጋር አነካክቼ ወንድሜን አዙር አልኩት፤ ሰማያዊ እሳት ዘለለ። እሳት አለ። የአየር ማጣሪያውን አንስቼ አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡሬተር አፍ ወደ ውስጥ እያየሁ ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣውን ገመድ በጣቴ ሳብኩ፤ ቤንዚን ፊጭ አለ። ነዳጅም አለ። ሁሉን ይዛ እምቢ የምትል ከሆነ እንግዲህ የሰፈሩ ወሬ እውነት ሊሆን ነው ብዬ በራሴ ሳቅሁ። የቀሩትን ካንዴላዎች ስነቅል ግን ሳቄ ቆመ። ሁሉም በቤንዚን ርሰዋል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። የተራበች መስሎን ነበር ስናጎርሳት የከረምነው። ጠግባ ሰምጣለች።

ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠርጌ አደረቅኳቸው። መስመጧን አወቅኩ፣ ማን እንዳሰመጣት ግን አላወቅኩም። ወንድሜን ቁልፉን ሳያዞር ጧት ጧት የሚያደርገውን ሁሉ እንዲያደርግ ነገርኩትና አጎንብሼ የካርቡሬተሩን አፍ አየሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ሳበ፤ የካርቡሬተሩ ክዳን ግጥም ብላ አየሩን ዘጋች። ቀጥሎ ፔዳሉን ረገጠ፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። በእያንዳንዱ ሲጥታ ከክዳኗ ሥር ቤንዚን ሲንዠቀዠቅ ሰማሁት።

እጄ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደቀ።

የቾኩ ገመድ የተበጠሰው እኔ ልጅ ሆኜ ነው። አባዬ ክዳኗን በሽቦ ከፍቶ አስሯት፣ ቾኩ የሚሰጠውን ነዳጅ በእግሩ ይሰጣት ጀመር። የረገጠው አማራጭ ስላልነበረው ነው። ሲታመም ጊዜ ወንድሜ፣ ሲድን ደስ ይበለው ብሎ ጋራዥ ወስዶ አዲስ ገመድ አስገባላት። ሜካኒኩ ቾኩን ስቦ እግሩን ሰብስቦ አስነሳት፤ ቤንዚኑ ተንኖ ከደረቀ በኋላ በመጣ ቁጥርም እንዲሁ። እኛ ግን ቾኩንም ሳብን፣ እንደ አባዬም ረገጥን። እኔም ሾፌሩ ወንበር ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ረግጫለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ።

ነገሩን ለወንድሜ አስረዳሁት። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

"እንግዲህ እኔ ነኛ ያነቅኳት።"

ለዚህ የሚሆን መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀን ሙሉ የሚያስቅ መልስ። ዋጥኩት።

"ሁላችንም ነን" አልኩት።

ባትሪዋ በማዞር ብዛት ደክማ ስለነበር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከራሱ መኪና ፈትቶ አዋሰን፤ መኪናዋ ለአባዬ ስትል ካልሆነ አትነሳም ብሎ መከራከሩን ግን አልተወም። ካንዴላዎቹን መልሼ ገጠምኩ። ቾኩን ሳብኩ። ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወደ ፔዳሉ ሄደ፤ መልሼ ከወንበሩ ሥር ከተትኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ሁለቴ አስነጠሰችና ተነሳች። ወንድሜ ኮፈኗ ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ አንገቱን ደፋ። ስትሞቅ ቾኩን ቀስ እያልኩ መለስኩና አጠፋኋት።

እማዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "ባንተ እግር ነው የተነሳችው በይው" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ምን ይጎዳሻል?"

አባዬ በትራሱ ቀና ብሎ ነበር።

"እግር... አልሰማሁም" አለ።

ውሸት ለመናገር አልሰንፍም፤ በሞተር ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም።

"ቾኳ ተሠርቷል አባዬ። አንተ እሷን ለማኖር ረገጥክ። አሁን ከረገጧት ትሰምጣለች።"

እማዬ ፊቷን አዞረች። አባዬ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከውጭ የብረት ገዢው ድምፅ መጣ፤ ገመዱን ይዞ ወንድሜን ቃልህ የት አለ ይለዋል፣ ወንድሜም መኪናዋ የእኔ አይደለችም፣ የእህቴ ናት እያለ ይመልሳል።

"ማን... ይነዳታል?" አለ አባዬ።

"እኔ።"

ቀጣዩን ቃል ለማውጣት ብዙ ታገለ። ልረዳው ፈልጌ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

"ፍሬን ስትይዢ... ወደ ግራ... ትስባለች።"

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሱ ጎን ተቀምጬ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ከየትኛው ጎማ እንደሆነም ልነግረው እችል ነበር።

"እሺ አባዬ" አልኩት፣ "እጠነቀቃለሁ።"