ጉብታ ላይ የማትወርደው

ባሌ መኪናዋን የገዛት ለመልኳ ነው። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀራት፣ ኮሮኮንች ስታይ የምታለቅስ የስፖርት መኪና ናት። ከሞተሯ ስር መከላከያ ላሜራ አሳስሮላታል፤ ግን ላሜራውንም አያምነውም። ጉብታ በደረስን ቁጥር ጥግ ይይዝና «የኔ እመቤት፣ አንዴ ውረጂልኝ» ይለኛል። እኔ በእግሬ እሻገራለሁ፣ እሱ መኪናዋን በሰያፍ አስይዞ ቀስ አድርጎ ያሻግራታል። እናቴን እንኳ ከነምርኩዟ አስወርዷታል። «ልጄ፣ አግብተሽ ነው ወይስ ተቀጥረሽ?» ብላኛለች። ሰው የሚሳሳለት ነገር ይኑረው ብዬ ስቄ አለፍኩት።

ቅዳሜ ዕለት ላሜራው ይንኳኳል ብሎ ወደ ጋራዥ ላከኝ። የባሌን ጠባይ የሚያውቀው መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ስሯን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና ጉብታ ላይ ለምን አትወርጂለትም? በሹፌሩ በኩል ደህና ነው። ባንቺ በኩል ግን ላሜራው ተፍቆ ሊያልቅ ነው።»

«እወርዳለሁ እኮ!»

«እንጃ፤ ላሜራው እንደዛ አይልም።» ጣቱን አሳየኝ፤ ቢጫ ቀለም ነክቶታል። «ይሄም ከጉብታ የመጣ ነው።»

በእኛ መንገድ ያሉት ጉብታዎች ቀለም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ቢጫ የተቀባው መዋኛው ፊት ለፊት ያለው አዲሱ ብቻ ነው። ባሌ ደግሞ እንኳን ሊዋኝ ፊቱን ሲታጠብም የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ወንበሬ ላይ የምትቀመጥ አለች፤ እሷን ደግሞ ውረጂ አይላትም። ሸሚዙን አሸተትኩ፤ የራሱ ላብ ነው። ስልኩን በረበርኩ፤ ምንም የለም። ምናልባት ጉልበቱን የሚያመው የሥራ ባልደረባ ይሆናል እያልኩ ራሴው ጠበቃ ቆምኩለት። ወዲያው ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እላለሁ። «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ምንም» እለዋለሁ።

ሰኞ «ስብሰባ አለኝ፣ አመሻለሁ» አለ። ሄጄ ከመዋኛው ማዶ ፋርማሲው ደጃፍ ቆምኩ።

መኪናዋ ከመዋኛው ግቢ ወጣች። አጠገቡ ፀጉሯ ያልደረቀ ሴት ተቀምጣለች፤ እጇ ማጅራቱ ላይ ነው። ጉብታው ጋ ሲደርስ አልቆመም። ላሜራው ሲፋቅ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ወጣ። እሱ ሳቀ። ያቃጠለኝ የሴትየዋ እጅ አልነበረም፤ ያ ሳቅ ነው።

መንገዱ መሃል ገባሁ። ፍሬን ያዘ። መስኮቱን ያወረደችው እሷ ናት።

«ማናት?» አለችው። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ባሌ እኔን አየ፣ እሷን አየ።

«እህቴ ናት» አላት።

ለሷ ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። ምስኪን፣ ለካ የምታውቀው ነገር የለም። ወደ መስኮቱ ጎንበስ አልኩ።

«አዎ፣ እህቱ ነኝ» አልኳት። «ሚስቱ ቤት ናት። ልብሱን እየሸከፈችለት ነው።»