በርበሬ የነካው ርዕሰ አንቀጽ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ለምስጋና ግን ከማንም አላንስም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አዴ ከዲጃ ላውራችሁ። እኛ አገር ትልቅ ሴት «አዴ» ነው የምትባለው። አዴ ከዲጃ ገበያው ዳር ቅመማ ቅመም ይሸጡ ነበር፤ እኔን ሰው ካደረጉኝ ሰዎች መጀመሪያ የምጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ሰባዎቹ መካከል ላይ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነርሶች ማሠልጠኛ ለመግባት ተፈተንኩና በእንግሊዝኛ ወደቅኩ። ሌላውን ሁሉ አልፌ በእንግሊዝኛ! ማሠልጠኛው ደግሞ አንድን ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈትንም። በሚቀጥለው ዓመት ከወደቅኩ ነርስነት በቃ ቀረ ማለት ነው። እኔ ከነርስነት ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። እናቴ «ካልሆነ ሮቤ አክስትሽ ጋ ሄደሽ ሱቅ ታግዣታለሽ» ስትለኝ ድስቱን ከክዳኑ አጋጨሁ፣ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋሁ፣ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ጋሽ ፍሰሐ ናቸው መላ ያሉኝ። «ተናኘወርቅ፣ ሰዋስው አልጠፋብሽም፤ ያነሰሽ ቃል ነው። ሄራልድ ጋዜጣ ላይ ርዕሰ አንቀጹን አንብቢ። ከባድ ከባዱ ቃል ያለው እዚያ ነው» አሉና አሮጌ መዝገበ ቃላታቸውን አዋሱኝ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ሄራልድ ከየት ይምጣ? የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አሰላ የሚደርሰው በአውቶቡስ ተጭኖ ለየመሥሪያ ቤቱ ነው። የእኔ ቢጤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቢለምን ዘበኛው ያባርረዋል፤ አባርሮኛልም።

አንድ ቀን እናቴ አብሽ ግዢ ብላ ላከችኝ። ቤት ገብቼ ጥቅልሉን ስፈታ ምን ባይ ጥሩ ነው? የሄራልድ ርዕሰ አንቀጽ! ለካ መሥሪያ ቤቶቹ ያረጀ ጋዜጣ በኪሎ ይሸጣሉ፤ አዴ ከዲጃ ገዝተው ቅመም ይጠቀልሉበታል። አብሹን ሳህን ላይ ገለበጥኩና እያስነጠሰኝ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ እርሻ ነው። ገበሬው እንዲህ ካደረገ፣ ኅብረት ሥራው እንዲያ ካደረገ ይልና፣ መደምደሚያው ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ተቀዷል።

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሱቁ በረርኩ።

«አዴ ከዲጃ፣ የቀረው የት አለ?»

«አብሹ ጎደለ?» አሉ ደንግጠው፣ ሚዛኑን እያዩ።

«አብሹ አይደለም! ጽሑፉ!»

አዴ ከዲጃ ወፍራም ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከሚቀመጡባት በርጩማ በቀላሉ አይነሡም። ቁጭ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ወላሂ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም! የቀረውን ለአሰፋች ጨው ጠቀለልኩበት» አሉኝ።

ወይዘሮ አሰፋች ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ እሳት ማያያዣ ሊሆን ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ለምኜ፣ ትንሽም ተጨቃጭቄ ወሰድኩት። ስመለስ አዴ ከዲጃ ጠሩኝና «ያ ኢንተላ፣ ለምንሽ ነው?» አሉኝ። ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። ፈተናውን፣ መውደቄን፣ ነርስነቱን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ከጋዜጣው ክምር አንዱን መዘዙ።

«እንግሊዝኛ አላውቅም። እስቲ የቱ እንደሆነ አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። ትኩር ብለው አዩት። «ፎቶ የሌለው፣ ዓይን የሚያደክመው ነዋ! ገባኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ርዕሰ አንቀጽ ያለበት ገጽ ቅመም አልተጠቀለለበትም። እየለዩ ከጨው ጆንያው ሥር ያስቀምጡልኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እወስዳለሁ። ወረቀት ሲያጥራቸው ደንበኛዋን «ዕቃ ይዘሽ ነይ» ይሏታል። አንዲት ሴት በርበሬዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እየተሳደበች ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። «ያው ወረቀት ተከምሮ የለም እንዴ!» ብትላቸው፣ «እሱ የልጄ ትምህርት ነው፣ አይነካም» አሏት። ልጃቸው አይደለሁም። እሳቸው እስላም፣ እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ልጅ፤ ግን እንዲያ አሉ። ጆንያው ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ።

እኔም ቃሉን ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ኖርኩበት። ያገኘሁትን አዲስ ቃል እስኪመሽ ባገኘሁት ነገር ላይ እሞክረዋለሁ። አልሄድ ያለውን የጋሪ ፈረስ በእንግሊዝኛ አድሃሪ አልኩት። ወጥ ሲያርብኝ ለእናቴ ጊዜያዊ መሰናክል ነው አልኳት። እናቴ «ልጄን ለከፏት» ብላ ጠበል ልትወስደኝ ቃጣት።

ዓመቱ ደረሰ፤ ፈታኞቹም አሰላ መጡ። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። ያን ሁሉ ከባድ ቃል እንደ ዘመድ ነው ያወቅኩት። የቀረው የቃል ፈተና ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሳሪ የለበሱ ህንዳዊት አስተማሪና ከረባት ያሰረ የእኛው አገር ዶክተር ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ፣

«ዛሬ ቁርስሽን ምን በላሽ?» አሉኝ።

ይህን የማያውቅ ተማሪ አለ? ግን ዓመቱን ሙሉ አፌ የተሟሸው በርዕሰ አንቀጽ ነው፤ በዚያ ላይ ፍርሃቱ። «ጊዜያዊ ችግሮች ቢኖሩም፣ የዛሬው ጠዋት የምግብ አቅርቦት ሁኔታ አጥጋቢ ነበር» አልኩ።

ዶክተሩ ቀና አለ። ሴትዮዋ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። «ቤተሰባችን ሰፊ መሠረት ያለው ሲሆን፣ በእናቴ ቆራጥ አመራር ወደፊት እየገሰገሰ ይገኛል» አልኩ። እናንተዬ! ዶክተሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ «ይቺ ልጅ በሽተኛ ፊት ብትቆም ዲስኩር ነው የምታደርግለት» አለና እስክሪብቶውን አነሣ። የሚጽፈውን አላየሁም፤ ግን ሮቤና የአክስቴ ሱቅ ድቅን አሉብኝ። አለቀልኝ አልኩ።

ሴትዮዋ አልሳቁም። እጃቸውን ዶክተሩ ክንድ ላይ አሳርፈው አስቆሙትና፣

«ይህን እንግሊዝኛ ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። እኔን ይሳቁብኝ፣ የአዴ ከዲጃን ወረቀት ግን ማን አባቱ ነው የሚስቅበት! «አዴ ከዲጃ ናቸው» አልኩ። «የትግሌ ቫንጋርድ እሳቸው ናቸው።» ቫንጋርድን ከጋዜጣው ነው ያገኘሁት፤ ግንባር ቀደም ማለት ነው። ቀጠልኩ። ቅመም ሻጭ ናቸው አልኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንግሊዝኛ አያነቡም። ጨው እሳቸው ጋ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ሚዛን አለ፤ ወረቀት ሲያልቅ ደንበኛው ይቆጣል፣ እሳቸው ግን የእኔን አይነኩም። ልጄ ይሉኛል። ስናገር እነዚያ ትናንሽ ቃላት፣ ጨው፣ ጉልበት፣ ወረቀት፣ ልጄ፣ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ አንድ በአንድ አፌ ላይ ተገኙ። ሰዋስዉ ተሰባብሯል፤ ግድ አልሰጠኝም። መጨረሻ ላይ አለቀስኩም መሰለኝ።

ሴትዮዋ «ጉልበታቸውን መቼ ነው የሚያማቸው?» አሉኝ።

«ሲቀመጡ አይደለም፤ ሲነሡ ነው። በክረምት ደግሞ ይብስባቸዋል።»

ሴትዮዋ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አየህ፣ በሽተኛም ታያለች፣ ያየችውንም ትናገራለች» አሉት። ዶክተሩ መነጽሩን አደረገ። አሁን አይስቅም ነበር።

ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ቤቴ አልሄድኩም፤ ቀጥታ ገበያ። «አለፍኩ!» ብዬ ገና ከሩቅ ጮህኩ። አዴ ከዲጃ «አልሐምዱሊላሂ!» ብለው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። «ገለቶማ፣ አዴ ከዲጃ» አልኳቸው፤ በእሳቸው ቋንቋ ማመስገን አማረኝ። ለፈታኞቹ ግንባር ቀደም ብዬ እንደጠራኋቸው፣ ከፊት የሚሄድ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እኔ? ከዚህች በርጩማ መች ተነሥቼ አውቃለሁ፣ የት ነው ከፊት የሄድኩት?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ወደ ማሠልጠኛው የምሳፈር ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ አንዲት ወፍራም ሴት በትር ተደግፋ፣ እያነከሰች፣ ሹፌሩ ላይ በኦሮምኛ እየጮኸች ስትመጣ አየሁ። አዴ ከዲጃ ናቸው። ከበርጩማቸው ተነሥተው፣ ያን ሁሉ ዳገት በዚያ ጉልበት! በመስኮቱ ጥቅልል አቀበሉኝ። «ጭኮ ነው። መንገድ ላይ እንዳይርብሽ» አሉና፣ ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት «ዝም በይ፣ ሂጂ» ብለው በበትራቸው አውቶቡሱን መታ መታ አደረጉት።

መንገድ ላይ ዴራ ከተማ ስንደርስ ፈታሁት። ገብሱ በቅቤ ታሽቶ ገና ለብ ያለ ነው። የተጠቀለለበትን ሳየው ደግሞ ርዕሰ አንቀጹ ያለበት ገጽ ነው፤ አንድም ቦታ ሳይቀደድ፣ ከነመደምደሚያው። ቅቤው ፊደሉን አወዝቶታል። ላነበው ሞከርኩ፤ እንባዬ አላስነበበኝም። ጭኮውን ቆርሼ ጎረስኩና እኚያ ህንዳዊት አሁን በጠየቁኝ አልኩ። ቁርሴን ምን እንደበላሁ አሁን አሳምሬ እነግራቸው ነበር።