እትዬን የሰበረ እጅ

ወጌሻ ነኝ። አባቴም አያቴም እዚሁ አቤኦኩታ ከተማ ውስጥ አጥንት ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ስለዚህ አጥንት ሲሰበር ድምፁ አይጠፋኝም። የዛሬ ሁለት ዓመት የታላቅ እህቴን የሞጂራዴን ጀርባ ሳሽላት፣ አውራ ጣቴ ስር አንድ የጎን አጥንቷ ቀጭ አለ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"ቋጠሮው ተፈታ፣ እትዬ።"

ዋሸሁ። በማግስቱ ልጇ ሮንኬ የጨርቅ ማቅለሚያውን ጋን አብራት ልታነሳ ስትሞክር፣ እህቴ ጮኻ ወደቀች። ሆስፒታል ሲመረምሯት መልቲፕል ማይሎማ ተገኘባት፤ ከመቅኔ ተነስቶ አጥንት የሚያሳሳ የደም ካንሰር ነው። እሷ ግን ጋኑን ያሳነሳችኝ እሷ ናት ብላ ለጎኗ ስብራት ልጇን ተጠያቂ አደረገች። ሮንኬ ሥራውን ትታ ኢባዳን ገባች፤ ገና ሲመጣ እንኳ ብቅ አትልም። እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ፈሪ ነኝ።

አሁን እህቴ ደህና ናት። ከፍ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጨርቋን ትነክራለች፤ ከባድ ነገር አታነሳም። ለጎረቤት ስታስረዳ ሐኪም ትመስላለች።

"ክኒን አለኝ፣ ሆዴ ላይ ደግሞ መርፌ። መርፌው በሽተኞቹ ሴሎች ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የገዛ ሰውነቴ ለቅሞ ይጨርሳቸዋል። ይነቀላል ወይ ካላችሁኝ፣ አይነቀልም። ግን ይተኛል። እሱ ይተኛ፣ እኔ ልሥራ።"

ባለፈው ዓርብ ጎረቤቷን የሲኪሩን እናት ይዛብኝ መጣች።

"ወገቧን ካመማት ሦስት ወር አለፋት። እሻት፣ ኢሾላ። የወንድሜ እጅ መድኃኒት ነው።"

ሴትዮዋ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኛች። እጄ አልሄድ አለኝ።

"ተነሽ እናቴ፤ መጀመሪያ ደምሽ ይታይ፣ ራጅም ተነሽ" አልኳት።

"ምን ነካህ?" አለች እህቴ። "አረጀህ እንዴ?"

"እትዬ፣ ጎንሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሮንኬ አይደለችም። ሲሰበር ሰምቻለሁ።"

በጥፊ ብትለኝ በወደድኩ። እሷ ግን ቀለም የነካውን ጣቷን ቀሰረችብኝ።

"ሁለት ገና" አለች። "እኔ ልጄን ስረግም፣ አንተ ቁጭ ብለህ ሩዜን ትበላለህ።"

በልቻለሁ።

ስልኳን አውጥታ ደወለችና እጄ ላይ አኖረችው። ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ሮንኬ ቀደመችኝ።

"እማዬ፣ አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?"