ኤሊ የቆጠበው ናፍጣ

ታላቅ ወንድሜን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ኤሊ ነው የሚለው። ያንን የሚያክል የጭነት መኪና እየነዳ ብስክሌት ይቀድመዋል። «ኤሊ፣ ዛሬ ተነስተህ ለልጅ ልጅህ ሠርግ ትደርሳለህ?» ይሉታል። እሱ አብሯቸው ይስቃል። እኔ ብሆን ልክ ልካቸውን እነግራቸው ነበር፤ እሱ ግን ሲፈጥረው ሆደ ሰፊ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለየጉዞው የተወሰነ ናፍጣ ይሰጣል። ከዚያ ላይ ያተረፈ ሾፌር፣ የተረፈው በገንዘብ ይታሰብለታል። ሌሎቹ ቶሎ ደርሶ መተኛት ይሻላቸዋል። ወንድሜ ግን ቆጣሪው ስልሳ ሲነካ እግሩን ያነሳል፤ ቁልቁለት ሲመጣ ከሩቅ ነዳጅ መርገጡን ይተዋል፤ ፍሬን እንኳ የሚይዘው እየሳሳ ነው። «ፍሬን በያዝሽ ቁጥር ናፍጣውን መሬት ላይ ደፋሽው ማለት ነው» ይለኛል፣ እኔ መኪና የምነዳ ይመስል።

ይህ ሁሉ ለእማዬ ዓይን ነው። የዓይኗ ግፊት ከፍ ሲል ጠብታ ታዘዘላትና፣ «ካልያዘላት ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። የጠፋ ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ነው። ማየቷ ከቀነሰ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት» ተባልን። ወንድሜ የቀዶ ጥገናውን ዋጋ ሲሰማ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ።

ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ጫማውን ሳያወልቅ እማዬ ፊት ይቀመጣል።

«እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው? ትንሽ እንኳ ከቀነሰ ንገሪኝ፤ ቲማቲም መጫን እጀምራለሁ።»

የቲማቲም ጭነት እጥፍ ይከፈልበታል። ሳይበላሽ መድረስ ስላለበት ግን ሾፌሩ ይበራል እንጂ አይነዳም። አባታችን የሞተው ቲማቲም ጭኖ ሲበር ነው።

«ኧረ ደህና ነኝ! ይልቅ ሸሚዝህ ቁልፍ ጎድሎታል፤ አምጣ ልትከልልህ» ትለዋለች። ሲያቅፋት ደረቱን በእጇ እንደዳበሰች ማን ልብ ይላል? እሱ ፊቱ ይበራል። እኔንም አብሬያት እየኖርኩ አታለለችኝ፤ ቤቱን ጥግ በጥግ በእጇ ታውቀዋለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ነዳ። ገንዘቡ የሞላ ዕለት መኪናውን አጥቦ፣ ሦስታችንም ጋቢና ተደርድረን ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእማዬን አንድ ዓይን ሸፈነችና፣ «እስቲ እናቴ፣ ስንት ጣት እንደማሳይዎት ይነግሩኛል» አለች።

«ሁለት» አለች እማዬ ፈጥና።

ሐኪሟ እጇን ገና አላነሳችም ነበር። ወንድሜን አየችው። ከዚያ ሁለቱንም ዓይኖች በመብራት ደጋግማ ተመለከተችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በጣም ዘግይታችኋል። አሁን ቀዶ ጥገናው የሚያተርፈው ነገር የለም» አለች።

መኪናው ውስጥ ስንገባ አልቻልኩም።

«ምን ነክቶሽ ነው እማዬ? ለምን ዋሸሽን?»

«እውነቱን ብነግረው ቲማቲም ሊጭን ነበራ!» አለች። «አባታችሁን የበላብኝ አይበቃም? ለዓይኔ ብዬ ልጄን ልገብር?»

ወንድሜ ሞተሩን አስነሳና ረገጠው። ስልሳ አለፈ፤ ሰማንያ አለፈ። ይህን መኪና እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ አይጠርገውም። መቶ ሲደርስ የበሩን እጀታ ይዤ፣ «ኧረ በፈጠረህ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም።

እማዬ እጇን ዘርግታ ጉልበቱን በዳበሳ አገኘችው።

«ቀስ በል የኔ ልጅ» አለችው። «እህትህ የምናልፈውን ትንገረኝ። እንዲህ ከበረርክ አይታ መንገር አትችልም።»

እግሩን አነሳ። መኪናው እያቃሰተ ወደ ልማዱ ተመለሰ።

የበሩን እጀታ ለቅቄ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«በይ እንጂ፣ ምን አለ?» አለችኝ።

«አጥር አለ እማዬ። ልብስ ተሰጥቶበታል።»

«ምን ልብስ?»

«ነጭ አንሶላ።»

«ነጥቷል?»

አንሶላው የመንገዱን አቧራ ጠጥቶ አመድ መስሏል።

«ነጥቷል» አልኳት።