የሰባት ወሩ ልጅ ምድጃ

የዓለምዘርፍ በሰባት ወሯ የወለደችው ልጅ የሆስፒታሉ ማሞቂያ ክፍል ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የነፃ ሕክምና ወረቀት ስላላት ወጪው የመንግሥት ነው። ሐኪሙም "ከሙቀቱ ከወጣ አያድርም" ብሏታል።

በነሐሴ ብርድ የወረቀቱ ተቆጣጣሪ አቶ ምንይችል ካፖርታቸውን ደርበው መጡ።

"ክንድ የማይሞላ ልጅ በሳምንት ሁለት ቆርቆሮ ላምባ የሚጨርሰው ይጠጣዋል እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ? ምድጃውን የምትለኩሰው ነርሷ ናት።"

"ልጁ ድኖ፣ አንቺ ለሆስፒታሉ ወጥ ብለሽ እንዳይሆን የተቀመጥሽው!"

"ወጡን ቀምሰውት ያውቃሉ?"

"ዛሬውኑ ትወጫለሽ!" ብለው ክፍሉን ሊያዩ ገቡ። ዘበኛው፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊና ሁለት ነርሶች ምድጃውን ከበው እጃቸውን ያሞቃሉ። ልጁ ጥግ ተኝቷል። አቶ ምንይችል አንድ በአንድ ገረመሟቸው። ዘበኛው ደንግጦ በርጩማውን ለቀቀላቸው። ተቀመጡ። ቆየት ብለው ካፖርታቸውን አወለቁ።

የዓለምዘርፍ ተከትላቸው ገብታ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። "ይፈርሙልኛል ወይስ ልጄን ላንሳ?"

"ነገሩ ያጠራጥራል" አሉ፣ እጃቸውን ወደ እሳቱ እንደዘረጉ። "ምርመራው ገና ነው። ለአሥራ አምስት ቀን እፈርማለሁ፤ እስከዚያ በየቀኑ እየመጣሁ አጣራለሁ።"

አስፈርማ ወረቀቱን ጉያዋ ከተተችና የልጇን አልጋ እየጎተተች በእሳቸውና በምድጃው መካከል አቆመችው።