«አልለካኋትም» የሚባልባት አገር

ፀሐይ ስትጠልቅ ተለማማጇ ሐኪም ዘቢባ በተረኞች ክፍል ተቀምጣ፣ የገዛ እጇ ጽሕፈት እያሳፈራት ትተክዝ ነበር። ከቀትር በኋላ በወለደችው በአስካለ ካርድ ላይ የደም ግፊቷን «120/80» ብላ ጽፋለች፤ መለኪያውን ግን ክንዷ ላይ አላሰረችም። ሠላሳ ሕመምተኛ፣ አንድ መለኪያ! ሐኪሞች ሕሙማኑን አልጋ በአልጋ የሚጎበኙበት ሰዓት ሲቃረብ የበላይዋ ዶክተር ኤልያብም «ራውንድ ደርሷል፤ ባዶ ቦታ እንዳላይ፣ ዝም ብለሽ ሙዪው» ብሏታል። በዚያ ክፍል ውሸት አይባልም፤ «መሙላት» ነው የሚባለው። ስም ከወጣለት ደግሞ ኃጢአትም ሥራ ይመስላል። ሄጄ ልለካት እያለች ድካም ጣላትና እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት አዋላጅ እጇን ይዘው መስኮቶቹ ሁሉ ወደተከፈቱ ሰፊ የሕሙማን አዳራሽ አስገቧት። በየአልጋው ግርጌ በተሰቀሉት ካርዶች ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ይታያል፤ የሚያፍርበት ሐኪም ግን የለም። አንዱ ወጣት በመምህሩ ፊት ቆሞ «አልለካኋትም» አለ። ሽማግሌው መምህር እጅጌያቸውን ሰብስበው «ጎሽ፣ እንግዲያው አብረን እንለካት» አሉት።

«እማማ፣ ባዶውን አይቶ የሚቆጣ የለም?»

«ባዶው ኑልኝ ብሎ ይጠራናል፣ ልጄ። የተሞላው ነው ታይታለች፣ እለፏት የሚለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለታማሚ ብቻ መስሎሽ ነው?»

«ድሮም እንዲህ ነበራችሁ?»

«የት! እኛም ሞልተናል። ሳንለካ በሞላነው ቁጥር ምክንያት አንዲት እናት ሞተችብን። ያን ጊዜ አንዲት ተለማማጅ ቆማ ተናገረች፤ ሰደቧት። በሳምንቱ ተናጋሪዎቹ ሁለት ሆኑ።»

«ተለማማጇ እርስዎ ነዎት?»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። «እኔማ ዝም ካሉት ነኝ። ለዚህ ነው ቆሜ ሰው የምመራው።»

ዘቢባ ባንና ነቃች፤ መለኪያውንም ይዛ ወደ አስካለ ሮጠች። አስካለ ራሷን ይዛ «ዶክተርዬ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ» አለቻት። ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አሥር ነበር። ዘቢባ ተጣርታ ሰው ሰበሰበች፤ መድኃኒቱ ተሰጥቷት አስካለ ቀስ በቀስ ተረጋጋች።

የማታው ራውንድ ሲደርስ ዶክተር ኤልያብ የአስካለን ካርድ ገልጦ ጉብኝቱን ለሚመራው ስፔሻሊስት «መቶ ሃያ በሰማንያ ነበረች። ድንገት ነው የወጣባት» አለ፤ ዘቢባንም ዝም በዪ በሚል ዓይን አያት። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ድንገት አይደለም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አልለካኋትም ነበር። ሞልቼው ነው። የሞላሁትም እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ስድቡ ሲጀመር መለኪያውን አንስታ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።